የስቶክዌሉ ግድያ፦ በስህተት ለጠፋ ሕይወት የሚጠየቀው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. ጁላይ 22 ቀን 2005 ለንደን በፍርሃት ተውጣ ነው ያነጋችው። ከሁለት ሳምንት በፊት አራት አጥፍቶ ጠፊዎች 52 ሰው ገድለዋል። በዋዜማው ደግሞ ሌሎች በሦስት ባቡሮችና በአንድ አውቶቡስ ላይ የሞከሩት ጥቃት ከሽፎባቸው ተሰውረዋል።

ፖሊስ ከተጣለ ቦርሳ ውስጥ ያገኘው የስፖርት ማዘውተሪያ አባልነት ካርድ በደቡብ ለንደን ወደሚገኝ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ መራው። የሚፈለገው ኢትዮጵያ ውስጥ የተወለደው ሁሴን ኡስማን ነበር። ከሕንፃው የጋራ በር የወጣው ግን የ27 ዓመቱ ብራዚላዊ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዣን ቻርልስ ደ ሜኔዜስ ነው። በሩን የሚጠብቀው የክትትል ባልደረባ በዚያች ቅጽበት ሊሸና ዞር ብሎ ስለነበር ምስሉን አልቀረጸም። የታጠቀው የፖሊስ ቡድንም ገና አልደረሰም።

ፖሊሶች ኡስማን ሊሆን ይችላል ብለው እየተከታተሉት፣ ሜኔዜስ በአውቶቡስ ስቶክዌል ጣቢያ ደረሰ። ነፃ ጋዜጣ አነሳ፤ በካርዱ ከፍሎ አለፈ፤ ባቡሩ እንዳያመልጠው ሮጦ ገባና ተቀመጠ። ታጣቂዎቹ ደርሰው ሰባት ጥይት ጭንቅላቱ ላይ፣ አንድ ትከሻው ላይ ተኮሱበት።

ፖሊስ ያኔ «ክራቶስ» የሚባል የአሠራር መመሪያ ነበረው። ደረት ላይ መተኮስ የታጠቀውን ፈንጂ ሊያፈነዳ፣ ማስጠንቀቂያም አጥፍቶ ጠፊውን ሊያቻኩለው ስለሚችል፣ ሳያስጠነቅቁ ጭንቅላቱን መምታት ይቻላል ይላል። ይህ አሠራር ሕይወት የሚያድነው ግን የሰውየው ማንነት ሲረጋገጥ ብቻ ነው። በስቶክዌል የጎደለው ይኸው ነው።

ከግድያው በኋላ «ወፍራም ካፖርት ለብሶ፣ መግቢያውን ዘሎ ነበር» ተባለ። የለበሰው ስስ የጂንስ ጃኬት ነበር፤ አልዘለለምም።

ዐቃቤ ሕግ በ2006 ማንንም በግል እንደማይከስ አስታወቀ። በ2007 የለንደን ፖሊስ እንደ ተቋም በሥራ ላይ ደህንነት ሕግ ጥፋተኛ ተብሎ 175 ሺህ ፓውንድ ተቀጣ። በ2008 የሞቱን ምክንያት የመረመረው ሸንጎ «ታጣቂ ፖሊስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ተሰምቷል የሚለውን ቃል አልተቀበለም፤ ዳኛው ግን «ሕገወጥ ግድያ» ብሎ የመወሰኑን በር አስቀድመው ዘግተውበት ነበር። ዘመቻውን የመሩት ክሬሲዳ ዲክ በ2017 የለንደን ፖሊስ ኮሚሽነር ሆኑ።

የእንግሊዝ ሕግ ተኳሹን የሚመዝነው በቅንነት ባመነው ነገር ነው፤ እምነቱ የተሳሳተ ቢሆን እንኳ። የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤትም በ2016 በሜኔዜስ ጉዳይ በ13 ለ4 ድምፅ ለብሪታንያ ፈረደ። ይኸው ፍርድ ቤት በ1995 የብሪታንያ ወታደሮች በጅብራልታር የፈጸሙትን ግድያ ሲመረምር ግን ተኳሾቹን ብቻ ሳይሆን የዘመቻውን ዕቅድና አመራር ጭምር መዝኖ፣ በ10 ለ9 መንግሥትን ጥፋተኛ ብሏል።

መንገዱ ይህ ነው። ጣቱን ቃታ ላይ ያሳረፈው ፖሊስ ያመነው የተነገረውን ነው። ስለዚህ መረጃውን ያቀበለው፣ ታጣቂውን ያዘገየውና ትእዛዙን የሰጠው ሁሉ በስሙ የሚጠየቅበት ሕግ ያስፈልጋል። የሽብር ስጋት የፖሊስን ጥንቃቄ ሊያጠብቅ እንጂ ሊያላላ አይገባም። በሜኔዜስ ሞት እስከ ዛሬ አንድም ሰው በወንጀል አልተቀጣም።