የገንዲዋ ዝንብ፦ ዘሯ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቢኖርም ደካማ ጎን አላት

በአገር ቤት ቆላ ወርዶ ከብት ያረባ ሰው ገንዲ የሚባለውን በሽታ አይረሳውም። በሬው ሣር እየበላ ይከሳል፣ ፀጉሩ ይቆማል፣ ደሙ ያንሳል፣ በመጨረሻም ቀንበር መሸከም ያቅተዋል። በሽታውን ከአንዱ ከብት ወደ ሌላው የምታደርሰው የቆላ ዝንብ ናት። በዓለም ላይ ፄፄ በሚለው ስም ትታወቃለች። በአባይና በዲዴሳ ሸለቆ፣ በባሮና በኦሞ አካባቢ ስንት ለም መሬት በሬ ሳይጠመድበት የቀረው በእሷ ምክንያት ነው።

ሊቃውንት የዚህችን ዝንብ ዘር ግሎሲና ይሉታል። ዛሬ በሕይወት ያሉት ከ20 በላይ ዓይነቶች ሲሆኑ፣ መኖሪያቸው ከሰሃራ በታች ያለው አፍሪካ ነው። የሚገርመው ግን ዘመዶቿ አሜሪካ ውስጥ መገኘታቸው ነው። በኮሎራዶ፣ ፍሎሪሳንት በሚባል ቦታ፣ የእሳተ ገሞራ አመድ በሐይቅ ውስጥ ቀብሯቸው ድንጋይ ላይ ታትመው ቀርተዋል። ዕድሜያቸው 34 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። እዚያ ጠፍታ አፍሪካ ውስጥ ቀረች ማለት ነው።

ይህን ያህል ዘመን የኖረች ዝንብ እንደ ቤት ዝንብ ብዙ እንቁላል አትጥልም። በአንድ ጊዜ አንድ ልጅ ብቻ ትፀንሳለች፤ በማኅፀኗም እንደ ወተት ባለ ፈሳሽ ታሳድገዋለች። ትሉ ሲወለድ አፈር ውስጥ ገብቶ ይደበቃል። ሴቷ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከወንድ ጋር የምትገናኘው አንዴ ብቻ ነው።

ድካሟም እዚሁ ላይ ነው። መጀመሪያ መድኃኒት በተነከረ ሰማያዊና ጥቁር ጨርቅ ቁጥሯን ይቀንሳሉ። ከዚያ በቤት የተራቡ ወንዶች በጨረር መካን ተደርገው ይለቀቃሉ። ከመካን ጋር የተገናኘች ሴት አትወልድም። የዛንዚባር ዋና ደሴት ኡንጉጃ በ1990ዎቹ ከዝንቧ የጸዳችው በዚህ መንገድ ነው። በኢትዮጵያም ለደቡብ ስምጥ ሸለቆ የሚሆኑ ዝንቦች አዲስ አበባ ቃሊቲ ውስጥ ሲራቡ ቆይተዋል። እዚህ እስራኤልም በአረባ ሸለቆ የፍራፍሬ ዝንብን የሚከላከሉት በዚሁ ዘዴ ነው።

ደሴት በባሕር የታጠረ ስለሆነ ይቀላል፤ የኢትዮጵያ ሸለቆ ግን አጥር የለውም። ከአንዱ ወንዝ ቢያጠፏት ከጎረቤቱ ትመጣለች። ገንዲ እስካሁን ክትባት አልተገኘለትም፣ መድኃኒቱም በአንዳንድ ቦታ እየተለመደ ኃይሉን አጥቷል። ስለዚህ ሥራው ጀምሮ መተው አይችልም፤ ገበሬው፣ የከብት ሐኪሙና መንግሥት ዓመት ከዓመት አብረው ካልያዙት በሬው ወደ ሸለቆው አይወርድም።