ሊዝበን በሦስት ቀን፦ የአጭር ጉብኝት ዕቅድ ትናንትና ዛሬ

ወደ ሊዝበን ለሦስት ወይም ለአራት ቀን ብቅ ብሎ ለመመለስ የሚያቅድ ሰው ጥያቄው ድሮ «ምን ምን ልይ?» የሚል ነበር። አሁን «በስንት ሰዓት ልድረስ? የትኛውን ልተው?» ወደሚል ዞሯል። ኮረብታዎቹም፣ ወንዙም፣ ገዳሙም በቦታቸው ናቸው። የተለወጠው ጎብኚው ሊያየው የሚመጣው ነገር ነው። ቀድሞ ገዳምና ካቴድራል ለማየት ይመጣ ነበር፤ ዛሬ የሊዝበን ሰው የሚሳፈርበትን ትራም፣ የሚገበያይበትን ገበያ፣ የሚኖርበትን ሰፈር ለማየት ይመጣል። ይህ ለውጥ እንዴት እንደመጣ ሳያውቁ ጥሩ ዕቅድ ማውጣት ይከብዳል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የከተማዋን መልክ የወሰነው የ1755ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በቅዱሳን ሁሉ በዓል ጠዋት መሬት ተናወጠ፤ አከታትሎ ከባሕር የተነሣ ማዕበል ወንዝ ዳሩን አጥለቀለቀ፤ እሳቱም ለቀናት ነደደ። በኋላ ማርኬስ ዲ ፖምባል የተባለው የንጉሡ ሚኒስትር ሜዳማውን ባይሻን በቀጥተኛ መንገዶች እንደ አዲስ አሠራው። ከጎኑ ኮረብታ ላይ ያለው አልፋማ ግን አብዛኛው በመትረፉ ጠመዝማዛ መተላለፊያዎቹን ይዞ ቀረ። ዳገት ለሰለቸው ነዋሪ ተብሎ ነው ግሎሪያ የሚባለው በገመድ የሚጎተት የአቀበት ተሽከርካሪ በ1885፣ የኤሌክትሪክ ትራሙ በ1901፣ የሳንታ ዡስታ አሳንሰር ደግሞ በ1902 ሥራ የጀመሩት። ዛሬ ቱሪስት ተሰልፎ ፎቶ የሚነሣባቸው እነዚህ ሁሉ ሲሠሩ የከተማው ሰው የዕለት መጓጓዣዎች ነበሩ።

እስከ 1990ዎቹ ድረስ የጎብኚው መንገድ የታወቀ ነበር፦ ገዳሙ ያለበት የቤሌም ሰፈር፣ ካቴድራሉ፣ የቅዱስ ጊዮርጊስ ግንብ፣ ማታ ደግሞ ፋዶ የተባለው የፖርቱጋል ዘፈን የሚዘፈንበት ቤት። በ1966 የተከፈተው፣ ከ1974ቱ የፖርቱጋል አብዮት በኋላ የሚያዝያ 25 ድልድይ የተባለው ቀይ ድልድይ ተጨመረበት። በ1983 የዤሮኒሙሽ ገዳምና የቤሌም ግንብ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዘገቡ። ቫስኮ ዳ ጋማ ሕንድ የደረሰበት 500ኛ ዓመት በታሰበበት በ1998 የተካሄደው ኤክስፖ ብዙ እንግዳ አመጣ፤ ነገር ግን እንግዳውን የወሰደው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዲሱ የውቅያኖስ አኳሪየምና ወደ ኦሪዬንቴ ባቡር ጣቢያ ነበር። አሮጌዎቹ ሰፈሮች በነዋሪዎቻቸው እጅ ነበሩ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከዕዳ ቀውሱ ጋር ነው። ፖርቱጋል በ2011 ከአውሮፓ ኅብረትና ከዓለም የገንዘብ ድርጅት የማዳኛ ብድር ስትወስድ ሥራ ጠፍቶ፣ ወጣቱ ተሰድዶ ነበር፤ ቱሪዝም እንደ መውጫ ታየ። በ2012 ለረጅም ዓመታት ታስሮ የቆየው የቤት ኪራይ በሕግ ተፈታ፤ በዚያው ዓመት ንብረት ለሚገዛ የውጭ ዜጋ የመኖሪያ ፈቃድ መስጠት ተጀመረ፤ ሜትሮውም አውሮፕላን ማረፊያ ደረሰ። ርካሽ አየር መንገዶች ተከታትለው ገቡ። በ2014 ቤትን ለእንግዳ በአዳር ማከራየት የራሱ ሕግ ወጣለት፤ ከአሮጌው የሪቤይራ ገበያ ከፊሉም የታዋቂ ወጥ ቤቶች የምግብ አዳራሽ ሆነ። በ2016 የአገሪቱ አየር መንገድ ታፕ መንገደኞቹ ሊዝበን ላይ ጥቂት ቀን አርፈው እንዲቀጥሉ የሚያስችል ፕሮግራም ጀመረ። የሦስት ቀን ጉብኝት እንዲህ የተለመደው ያኔ ነው። በ2024 በአውሮፕላን ማረፊያው ያለፈው መንገደኛ 35 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል።

የዚህ ዘመን ምልክት ትራም 28 ነው። ከማርቲም ሞኒዝ ተነሥቶ በግራሳና በአልፋማ አልፎ እስከ ካምፑ ዲ ኦሪኬ ይሄዳል። ቢጫዎቹ ፉርጎዎች በ1930ዎቹ የተሠሩ ናቸው፤ ውስጣቸው እንጨት ነው፣ መቀመጫቸው 20 ያህል ብቻ። አልፋማ ውስጥ መንገዱ ከመጥበቡ የተነሣ ሐዲዱ አንድ ብቻ የሆነበት ቦታ አለ፤ ከላይ የሚመጣው እስኪያልፍ ከታች ያለው ቆሞ ይጠብቃል፤ እግረኛውም በር ላይ ተለጥፎ ያሳልፈዋል። ቱሪስት በሚበዛበት ሰዓት ከገበያ የተመለሱ እናት ዘንቢላቸውን ይዘው ፌርማታ ላይ ቢጠብቁ ትራሙ ሞልቶ ያልፋቸዋል። ይህ ያሳዝነኛል፤ ለእሳቸው ሌላ ቀላል መውጫ የለምና። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ 28ን መሳፈር የፈለገ ጠዋት በማለዳ ይሳፈር፤ ከረፈደ በኋላ ግን በእግሩ ይውጣ። ከባይሻ ተነሥቶ በካቴድራሉ በኩል እስከ ፖርታስ ዱ ሶል መመልከቻ ድረስ ያለው አቀበት በእርጋታ ለሚሄድ ሰው የሚከብድ አይደለም።

በሴፕቴምበር 3 ቀን 2025 ከላይ የተጠቀሰው ግሎሪያ ገመዱ ተላቆ ቁልቁል ተምዘግዝጎ ከሕንፃ ጋር ሲጋጭ 16 ሰዎች ሞቱ፤ ከሟቾቹ መካከል ብዙዎቹ የውጭ ጎብኚዎች ነበሩ። ከተማዋ ሐዘን ተቀመጠች፤ ሌሎቹም በገመድ የሚሠሩ ተሽከርካሪዎች ለምርመራ ቆሙ። ስለዚህ ከ2025 በፊት የታተመ የጉዞ መጽሐፍ ይዞ የሚሄድ ሰው የትኛው እንደሚሠራ አስቀድሞ ያጣራ።

የነዋሪው ብሶት በዋጋም በሕግም ይታያል። ማዘጋጃ ቤቱ በ2018 መጨረሻ በአልፋማ፣ በሞራሪያ፣ በባይሩ አልቱና በመሳሰሉት ሰፈሮች አዲስ የእንግዳ ማረፊያ ምዝገባ አገደ። የቱሪስት ግብሩ በ2016 ለአንድ ሰው በአዳር 1 ዩሮ ነበር፤ በ2019 2 ዩሮ፣ በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ 4 ዩሮ ሆነ። ሁለት ሆነው ሦስት ሌሊት ለሚያድሩ 24 ዩሮ ነው፤ በጀት ውስጥ መግባት አለበት። እኔ ማረፊያን በአልፋማ መያዝ አልመርጥም። በሜትሮው ቀይ መስመር ላይ ያለው ሳልዳኛ ከአውሮፕላን ማረፊያው በቀጥታ ይደረሳል፤ በሻንጣ ጎማ የማንንም እንቅልፍ አይረብሹም።

ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ያዥ ዕቅዱ የሚጀምረው ከቪዛው ነው፤ እዚህም የዓመታቱ ለውጥ አስተማሪ ነው። የሸንገን ቪዛ ክፍያ በ2020 ከ60 ወደ 80 ዩሮ፣ በ2024 ደግሞ ወደ 90 ዩሮ አደገ። ከዚህ በላይ የሚከብደው የአውሮፓ ኅብረት በኤፕሪል 2024 በኢትዮጵያውያን ላይ የወሰነው ነው፤ ምክንያት የተደረገው መንግሥት ተመላሽ ዜጎችን በመቀበል አልተባበረም የሚል ነበር። የማመልከቻው መደበኛ የመመልከቻ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን ተራዘመ፤ ደጋግሞ መግቢያ ቪዛም ቀረ። ለሦስት ቀን ጉብኝት የሁለትና የሦስት ወር ዝግጅት ማለት ነው። በሸንገን አገሮች የመኖሪያ ፈቃድ ላላቸው ወገኖች ግን ጉዞው የአውሮፕላን ትኬት መቁረጥ ብቻ ነው።

ወደ ሦስቱ ቀናት ዕቅድ ስንመጣ፣ ከቀኖቹ አንዱ ለአልፋማና ለግራሳ በጠዋት፣ ከሰዓት በኋላ ለባይሻ ይሁን። ሌላው ለሺያዱና ለባይሩ አልቱ። ሺያዱ በኦገስት 1988 ተቃጥሎ በአርክቴክቱ አልቫሩ ሲዛ ዕቅድ የታደሰ ሰፈር ነው፤ የድሮውን ፊት ጠብቆ ውስጡን እንዴት እንዳደሰው ማየት ጊዜ መስጠት ይገባዋል። ማታ ከካይሽ ዱ ሶድሬ በጀልባ ወደ ካሲልያሽ መሻገር ነው፤ ሠራተኛው ወደ ቤቱ የሚመለስበት ተራ ጀልባ ነው፣ ከተማዋም ከወንዙ ላይ ሙሉ በሙሉ ትታያለች።

ሦስተኛውን ቀን ለቤሌም። የአስጎብኚ አውቶቡሶች ለቤሌም የሚሰጡት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ለኢትዮጵያዊ ግን ግማሽ ቀን ያንሰዋል። ዤሮኒሙሽ ገዳም ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገቡ በስተግራ የቫስኮ ዳ ጋማ መቃብር አለ፤ በድንጋይ የተቀረጸው ሰው እጆቹን ለጸሎት አጣምሮ ተጋድሟል፣ ከጎኑ መርከብ ተቀርጿል። በ1541 400 ያህል ወታደሮች አስከትሎ ምፅዋ የወረደው፣ በ1542 በኢማም አሕመድ እጅ ወድቆ የተገደለው ክርስቶፎር ዳ ጋማ የዚህ ሰው ልጅ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1514 የእቴጌ እሌኒ መልእክተኛ ማቴዎስ ሊዝበን ሲደርስ ገዳሙ ገና በግንባታ ላይ ነበር። የዐፄ ልብነ ድንግል መልእክተኛ ጸጋ ዘአብም በ1527 መጥቶ ዓመታት ቆየ፤ ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እምነት የጻፈውን ዳሚያኡ ዲ ጎይሽ በላቲን አሳተመለት። ይህን ይዞ የሚገባ ሰው ቢያንስ አንድ ሰዓት እዚያው ይቀመጣል። በሩ እንደተከፈተ መድረስ ያስፈልጋል፤ ሰኞ ግን ዝግ ነው፣ ሦስተኛው ቀን ሰኞ ከዋለ ከአልፋማው ቀን ጋር ቦታ ይለዋወጡ።