የተከራዩትን ቤት ከመግዛትዎ በፊት

አከራይዎ ደውለው «ቤቱን ልሸጠው ነው፤ ቅድሚያ ለእናንተ ልስጥ ብዬ ነው» አሉ እንበል። መጀመሪያ የሚመጣው ድንጋጤ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤቱን ለምደዋል፣ ጎረቤቱ ቤተሰብ ሆኗል፣ ዕቃ ጭኖ ሌላ ሰፈር መሄዱ ገና ሲያስቡት ይደክማል። ወዲያው ደግሞ «ለምን ራሳችን አንገዛውም?» ይላሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ በድንጋጤ ከተወሰነ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

አንድ ትልቅ ብልጫ አለዎት። ሌላው ገዢ ቤቱን የሚያየው ከደላላ ጋር ለሃያ ደቂቃ ነው። እርስዎ ግን ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ በክረምት የትኛው ግድግዳ እንደሚረጥብ፣ ከሥር ያለው ግሮሰሪ ቅዳሜ ሌሊት ሙዚቃውን መቼ እንደሚያጠፋ ያውቃሉ። ሲደራደሩ ይጠቀሙበት። በራስዎ ወጪ ያሠሩትን የኩሽና ካቢኔትና ያስገቡትን ሮቶም መልሰው እንዳይገዙት!

የማያውቁት ወረቀቱን ነው። ለዓመታት ኪራይ የከፈሏቸው ሰው ባለቤት መሆናቸውን ጠርጥረው አያውቁም፤ ምናልባት ካርታውን አንድ ቀን እንኳ አላዩትም። ካርታው በማን ስም ነው? የባልና ሚስት የጋራ ንብረት ከሆነ፣ በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ መሠረት ለሽያጩ የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። አከራይዎ ውጭ አገር ሆነው ቤቱን የሚያስተዳድሩት ወንድማቸው ከሆኑ፣ ውክልናው መሸጥን በግልጽ የሚፈቅድ መሆኑን ያንብቡ። ኪራይ ለመሰብሰብ የተሰጠ ውክልና ቤት አያሸጥም።

ኮንዶሚኒየም ከሆነ ጥያቄው ይበዛል። የባንክ ዕዳው አልቋል? በዕጣ ከደረሳቸው ስንት ዓመት ሆነ? የአምስት ዓመቱ የሽያጭ ገደብ ያላለቀበትን ቤት «ለጊዜው በውክልና እንጨርሰው፣ ስሙ በኋላ ይዛወራል» ቢሏችሁ አትስማሙ። ውክልና ሰጪው ባሻቸው ጊዜ ሊሽሩት ይችላሉ፤ ሲሞቱም ይቋረጣል። ያን ጊዜ የሚከራከሩት ከወራሾች ጋር ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውልና ማስረጃ ፊት እንዲደረግ ይጠይቃል። ሦስት ምስክር ፈርሞበት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ወረቀት አይበቃም። ቤቱ ከዕዳና እገዳ ነፃ መሆኑ በክፍለ ከተማው ሳይረጋገጥም ቀብድ አይክፈሉ።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ለምሳሌ ቤቱ 6 ሚሊዮን ብር ተጠራ፣ ኪራይዎ ደግሞ በወር 25 ሺህ ነው እንበል። የዓመቱ ኪራይ 300 ሺህ፣ የዋጋው 5 በመቶ ብቻ ነው። ግማሹን ከቁጠባ ከፍለው ቀሪውን 3 ሚሊዮን በ17 በመቶ ወለድ ለ15 ዓመት ቢበደሩ ወርኃዊ ክፍያው 46 ሺህ ብር ይጠጋል። ቁጠባዎ ተሟጦ፣ በየወሩ ከኪራዩ ላይ ሌላ 21 ሺህ መጨመር ማለት ነው። የስም ማዛወሪያውና የቴምብር ቀረጡ ገና አልገባም። በሌላ በኩል፣ ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ገበያ የወጣ ሰው ብር አስቀምጦ መጠበቅ ምን እንደሚመስል ያውቃል፤ ኪራዩም ባለበት አይቆምም። ስለዚህ ሒሳቡ ብቻውን አይወስንልዎትም። የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ ከሁለታችሁ የአንዳችሁ ደመወዝ ለስድስት ወር ቢቋረጥ ክፍያው ይቀጥላል? ካልቀጠለ፣ ወረቀቱ የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን እኔ አልገዛም።

«ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» የሚለውን አይፍሩት። ሥራዬ ማርኬቲንግ ነውና ይህን ዓረፍተ ነገር በደንብ አውቀዋለሁ፤ አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ ግን እርስዎን ለማቻኮል ነው። የኪራይ ውልዎ ስንት ወር እንደቀረው ይመልከቱ። ከዚያ የካርታውን ኮፒና ለማጣራት ሁለት ሳምንት ይጠይቁ። ኮፒውን ለመስጠት ካንገራገሩ፣ ዋጋው ቢያጓጓም ሌላ ቤት መፈለግ ይጀምሩ።