ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ፤ የአሰብን መንገድ ይዘው በቡድን ሊጓዙ ለሚያስቡ

የቅዳሜና እሁድ የቡድን ጉዞ በአዲስ አበባ የተለመደ ነገር ሆኗል። ከጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ ከለቡ፣ ከጎፋና ከሳሪስ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ተጠራርቶ፣ መዋጮ አዋጥቶ፣ መናገሻ ሱባን ወይም ወንጪን አይቶ ይመለሳል። ወንጪን የጠገበ ደግሞ ራቅ ያለ ነገር ያምረዋል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ፎር ዊል መኪና ያላቸው ሰዎች ሰብሰብ ባሉበት ደጋግሞ የሚነሳ አንድ ሐሳብ አለ። "የአሰብን መንገድ ይዘን እስከሚያስኬደን እንሂድ፤ ድንኳን ተክለን እንደር" የሚል ነው።

ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ወደ ባህር ይወስድ የነበረን፣ ዛሬ ግን ጫፉ የተዘጋን መንገድ በዓይን ማየት ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራል። ችግሩ ስለ መንገዱ የሚወራው በትዝታ፣ ስለ ዝግጅቱ የሚወራው በቀልድ፣ ስለ ኃላፊነቱ ደግሞ ጭራሽ የማይወራ መሆኑ ነው። ስለዚህ ሦስት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል እንመልከት። መንገዱ የቱ ነው? እስከ የት ያስኬዳል? አንድ ነገር ቢደርስስ ተጠያቂው ማን ነው?

መንገዱ

አሰብ በ1862 ዓ.ም. ሩባቲኖ ለተባለ የጣሊያን የመርከብ ኩባንያ የተገዛች፣ በ1874 ዓ.ም. የጣሊያን መንግሥት ከኩባንያው የተረከባት የባህር ዳር ቦታ ናት። ከአዲስ አበባ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ወደ ሚሌ የሚወርደው አሮጌው መንገድ መሠረቱ የወረራው ዘመን ሥራ ነው። ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው በአዋሽና በገዋኔ በኩል ሚሌ የሚደርሰው መስመር ከዚያ በኋላ የመጣ ነው። ሁለቱ ሚሌ ላይ ይገናኙና በሎጊያ፣ በሰመራ፣ በሰርዶና በዲችኦቶ በኩል ወደ ኤሊዳአር፣ ወደ ማንዳና ወደ ቡሬ ያመራሉ። ከአዲስ አበባ አሰብ በጠቅላላው ወደ 880 ኪ.ሜ. ይጠጋል። ከዚህ ውስጥ ከቡሬ ወዲያ ያለው ከ70 ኪ.ሜ. ብዙም አይበልጥም።

ይህ መንገድ በአንድ ወቅት የአገሪቱ የደም ሥር ነበር። የነዳጅ ማጣሪያውም፣ ዋናው የገቢና የወጪ ዕቃም፣ የምንበላው ጨው ሳይቀር እዚያ ነበር። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ነፃነቷን ካወጀች በኋላም ኢትዮጵያ በወደቡ መገልገሏን ቀጥላ ነበር። የቆመው በግንቦት 1990 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲፈነዳ ነው። ያን ጊዜ ንግዱ በሙሉ ፊቱን ወደ ጅቡቲ አዞረ። የከባድ መኪናው ሰልፍ ኤሊዳአር ሳይደርስ ወደ ጋላፊ ይታጠፍ ጀመር። የአሰብ ጨው ሲቋረጥ የአፍዴራ ጨው ተተካ።

መስከረም 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች ቡሬና ዛላምበሳ ላይ ተገኝተው ድንበሩን ሲከፍቱ፣ ያ መንገድ ዳግም ነፍስ የሚዘራ መስሎን ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ መተላለፊያዎቹ አንድ በአንድ ተዘጉ። ቡሬም ከዚያ ወዲህ መደበኛ መተላለፊያ ሆኖ አልተከፈተም። በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ባህር በር በአደባባይ ከተናገሩ ወዲህ ደግሞ የአሰብ ስም የፖለቲካ ስም ሆኗል፤ በ2017 ዓ.ም. የሁለቱ መንግሥታት ውጥረት ጨምሯል።

እስከ የት?

ጉዞ የሚያስብ ሰው መጀመሪያ ሊቀበለው የሚገባው እውነት ይኸው ነው። ከኤሊዳአር ወዲያ ወደ ማንዳና ወደ ቡሬ ያለው የመንገዱ ክፍል የሽርሽር ቦታ አይደለም። ቡሬ በ1990 እና በ1992 ዓ.ም. መካከል ከጦርነቱ ሦስት ዋና ዋና ግንባሮች አንዱ ነበር። በእንዲህ ዓይነት መሬት ላይ ከአስፋልት ወጥቶ መኪና መንዳት የተቀበረ ነገር እንደ መርገጥ ይቆጠራል። በዚህ ላይ ሠራዊት ያለበት የድንበር አካባቢ ነው።

"ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 32 የመዘዋወር ነፃነት ሰጥቶኛል" የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ ሰጥቶታል። ሆኖም ይኸው ነፃነት በአገር ውስጥ ለመዘዋወር እንጂ በማይታወቅ በር ድንበር ለመሻገር ፈቃድ አይደለም። ከአገር የሚወጣ ሰው የጉዞ ሰነድ ይዞ በታወቀ መውጫ በኩል መውጣት አለበት። "ትንሽ ገባ ብለን ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን" የሚለው ቀልድ ሁለት አገሮች በዓይን በሚተያዩበት ቦታ ላይ ቀልድነቱ ያበቃል።

ታዲያ ቡድኑ ቤቱ ይቀመጥ ማለት ነውን? አይደለም። አባቶች "ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ" ሲሉ የሚተቹበት ቢሆንም፣ ለዚህ ጉዞ ግን ጥሩ መመሪያ ነው። አሰብን እያሰቡ ቀረብ ብሎ ማደር ይቻላል። ከሰመራ ወዲህ ማዶ ብዙ የሚታይ አለ። በአሳይታ በኩል የአዋሽ ወንዝ ባህር ሳይደርስ የሚቀርባቸው ሐይቆች አሉ። ከሰርዶ በሚገነጠለው መንገድ ደግሞ አፍዴራ ይደረሳል። ከባህር ወለል 100 ሜትር ያህል ዝቅ ያለ የጨው ሐይቅ ነው፤ ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ አለ። ባህር ለናፈቀ ሰው ከዚህ የቀረበ ነገር አገራችን ውስጥ የለም።

ዋናው ባህር ራሱ ካማራችሁ ደግሞ መንገዱ በእጃችሁ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀውና ከ750 ኪ.ሜ. በላይ የሚረዝመው የጅቡቲ ባቡር መነሻ ፉሪ ለቡ፣ እዚሁ ደጃችን ነው። ፓስፖርትና ቪዛ ይዞ ባቡር መሳፈር ቡሬ ላይ ከመታገድ ይሻላል።

ስጋቱ ከመንገዱ በፊትም አለ

የአፋር መሬት ራሱ ይንቀሳቀሳል። ሰርዶ በመጋቢት 1961 ዓ.ም. በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በዳባሁ አካባቢ መሬቱ 60 ኪ.ሜ. ያህል ርዝመት ባለው መስመር ተሰንጥቋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ የነበረው ተከታታይ መንቀጥቀጥ ነዋሪዎችን አፈናቅሏል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ በአፍዴራ አቅራቢያ የሀይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሯል። ስለዚህ የዓምና መረጃ ለዘንድሮ ጉዞ አይበቃም።

የሰው ስጋትም አለ። በየካቲት 1999 ዓ.ም. ከብሪታንያ ኤምባሲ ጋር ግንኙነት የነበራቸው አውሮፓውያን ከኢትዮጵያውያን ጓዶቻቸው ጋር በደናክል ተጠልፈዋል። በጥር 2004 ዓ.ም. ኤርታ አሌ አጠገብ 5 ቱሪስቶች ተገድለዋል። በ2010 ዓ.ም. እንደገና አንድ ጀርመናዊ ተገድሏል። ከገዋኔ እስከ ሚሌ ባለው መስመር ላይም በአፋርና በኢሳ መካከል ግጭት ሲነሳ መንገዱ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ይህን የምጽፈው ለማስፈራራት ሳይሆን አንድ ነገር ለማስገንዘብ ነው። ከመነሳታችሁ በፊት ባለው ሳምንት ሰመራ ከሚገኘው የክልሉ ቱሪዝም ቢሮ መጠየቅ፣ የፈቃድ ደብዳቤ መያዝና የአካባቢውን መሪ መቅጠር ወጪ ሳይሆን የጉዞው መሠረት ነው።

አፋሮች ደግሞ ከማንኛችን የተሻለ የዜና ወኪል አላቸው። "ዳጉ" ይባላል። ሁለት መንገደኞች ሲገናኙ ቆም ብለው ከየት እንደመጡ፣ ምን እንዳዩ፣ ውሃው የት እንዳለ፣ ማን እንደተጣላ በዝርዝር ይነጋገራሉ። መስኮቱን ዘግቶ አቧራ እያስነሳ የሚያልፍ የከተማ ሰው ይህን ሁሉ መረጃ በነፃ ጥሎ ይሄዳል። ቆማችሁ ሰላም በሉ፤ ጠይቁ፤ ያያችሁትንም ንገሩ።

ዕድር ያለ ደንብ አይቋቋምም

አሁን ብዙ ቡድኖች ወደሚዘሉት ነገር እንምጣ። አሥር ቤተሰብ ዕድር ሲያቋቁም ደንብ ይጽፋል፣ ዳኛና ገንዘብ ያዥ ይመርጣል። ያው አሥር ቤተሰብ 590 ኪ.ሜ. ርቆ ሰመራ ድረስ ሲሄድ ግን አንዲት ገጽ አይጽፍም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1731 መሠረት በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል ሕግ ነው። ውል ከሌለ ግን የሚገዛችሁ አጠቃላዩ ሕግ ነው፤ እሱ ደግሞ ብዙዎች እንደሚገምቱት አይደለም።

ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ያልተፈቀደለት ሰው ነድቶት ቢሆን እንኳ አያመልጥም። "ቁልፉን ለእገሌ ሰጥቼ ተኝቼ ነበር" ማለት መከላከያ አይሆንም። በሌላ በኩል አንድ ሰው ያለ ምንም ጥቅም በነፃ ጭኖት የሄደ ጓደኛው ጉዳት ቢደርስበት፣ ሕጉ ባለቤቱን ተጠያቂ የሚያደርገው ጥፋት ከተገኘበት ነው። ስለዚህ የመዋጮው ጉዳይ ትልቅ ነገር ነው። የሰበሰባችሁት የነዳጁን ወጪ ለመካፈል ብቻ ነው? ወይስ ባለመኪናው የሚያተርፍበት ነው? ክርክር ሲነሳ ጠበቆች መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህን ነው። አስቀድማችሁ ጻፉት።

"በራሴ ኃላፊነት ነው የምሄደው" የሚል ወረቀት ማስፈረምም ልማድ ሆኗል። ወረቀቱ ሰውን ለማስጠንቀቅ ይጠቅማል። ነገር ግን አስተባባሪው በገዛ ጥፋቱ ካደረሰው ጉዳት አያድነውም። ሰው ለራሱ ጥፋት ኃላፊ እንዳይሆን አስቀድሞ ተዋውሎ ሊያመልጥ አይችልም። ከሁሉ በላይ ደግሞ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 575 አለ። ሕይወቱ አደጋ ላይ የወደቀን ሰው፣ ራሱን ለአደጋ ሳያጋልጥ ሊረዳው እየቻለ ሆን ብሎ ጥሎ የሄደ ያስቀጣዋል። መኪናው የተበላሸበትን ቤተሰብ በረሃ ላይ ትቶ "ሰመራ እንጠብቃችኋለን" ማለት ነውር ብቻ ላይሆን ይችላል።

በየወሩ ማስታወቂያ እያወጡ፣ ትርፍ እያስቀሩ ጉዞ የሚያዘጋጁ ወጣቶችም ልብ ይበሉ። ይህ ጓደኝነት መሆኑ ቀርቶ ንግድ ነው፤ በአዋጅ ቁጥር 980/2008 መሠረት የንግድ ፈቃድ ያስፈልገዋል። መድንም እንዲሁ። የሦስተኛ ወገን መድን የራሳችሁን መኪና አይጠግንም። ሙሉ መድን ያለውም ቢሆን ከመንገድ ውጪ የደረሰን ጉዳት ይሸፍን እንደሆነ ውሉን አውጥቶ ያንብብ።

በአንድ ገጽ ደንባችሁ ላይ እነዚህ ይግቡ፦ የጉዞው መሪና ምክትሉ ማን እንደሆኑ፣ "እንመለስ" ካሉ ማንም እንደማይከራከር፣ በሌሊት እንደማይነዳ፣ የተበላሸ መኪና ተጥሎ እንደማይኬድ፣ ለጋራ ጥገና ምን ያህል እንደሚዋጣ፣ የሚነዳው ማን እንደሆነና መጠጥ እንደማይቀምስ። አንድ ሰው ደግሞ ከተማ ይቅር። በየማታው ይደወልለት፤ ካልተደወለለት ለማን እንደሚያሳውቅ ይወቅ።

ውሃ፣ ነዳጅ፣ ጎማ

ወቅቱ ከኅዳር እስከ ጥር ቢሆን ይመረጣል። ለመጠጥ ብቻ ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ሊትር ያላነሰ፣ በዚያ ላይ ለሁለት ተጨማሪ ቀን የሚበቃ ውሃ ይያዝ። ውሃው በአንድ መኪና ላይ አይጫን፤ ያ መኪና ቢገለበጥ ሁሉም ይጠማል። ነዳጅ ያለ ፈቃድ በጀሪካን መሸጥ ክልክል ስለሆነ ታንከር በየከተማው እየሞሉ መሄድ ግድ ነው፤ ግማሽ ሲደርስ ይሞላ። ድሮንና የሳተላይት ስልክ ፈቃድ የሚጠይቁ ዕቃዎች ናቸው፤ ኬላ ላይ ከመወረስ አስቀድሞ መጠየቅ ይበጃል።

ከሁለት መኪና ያነሰ ከአስፋልት አይውጣ። ሁለት መለዋወጫ ጎማ፣ ክሪክና ክሪኩ አሸዋ ላይ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ጣውላ፣ አካፋ፣ የመጎተቻ ገመድ፣ ትርፍ ቺንጋ፣ የጎማ መንፊያ ይያዝ። አሸዋ ላይ የጎማውን ንፋስ ቀነስ ማድረግ፣ ወደ አስፋልት ሲመለሱ መልሶ መሙላት ነው። ድንኳን በደረቅ ወንዝ ውስጥ አይተከል። ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ከወሎ ደጋ የዘነበ ዝናብ በሌሊት ደራሽ ሆኖ ይመጣልና። ከሚሌ ወዲያ ዋናው አደጋ ሽፍታ ሳይሆን የጅቡቲ ከባድ መኪና ነው፤ በምሽት መንገድ ላይ የሚተኛውን ግመል አትርሱ።

የሰው ቤት ነው

በመጨረሻም፣ ባዶ የሚመስለን ሜዳ ባዶ አይደለም። የአፋር መሬት በየጎሳው የታወቀ ግጦሽ፣ የታወቀ ኤላ አለው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 40 አርብቶ አደሩ የግጦሽ መሬት በነፃ የማግኘትና ከመሬቱ ያለመፈናቀል መብት እንዳለው ይናገራል። ድንኳን ከመትከል በፊት ሽማግሌ ፈልጎ ማስፈቀድ፣ የከብት ውሃ ላይ ልብስ አለማጠብ፣ ሴቶችን ሳያስፈቅዱ ፎቶ አለማንሳት፣ የፕላስቲክ ጠርሙስ ሰብስቦ መመለስ ከዚያ ይጀምራል።

የአሰብ መንገድ የሚከፈትበትን ወይም ተዘግቶ የሚቀርበትን ቀን የሚወስኑት መንግሥታት ናቸው። እስከዚያው የእኛ ድርሻ በተከፈተው ክፍል ላይ በሥርዓት ሄዶ፣ ሰው ሳይጎዱ፣ ራስም ሳይጎዱ መመለስ ነው። ኤሊዳአር መገንጠያ ላይ ቆሞ ልጆቹን "በዚህ በኩል ባህር ነበር የሚኬደው" ብሎ ያሳየ አባት ጉዞው አልጎደለበትም። መኪናውን አዙሮ ቤቱ በሰላም ይግባ።