ከሀዳር ደረጃዎች በታች ያለው ዱር

ማታ ከሥራ ገብቼ መስኮቴን ስከፍት መጀመሪያ የምሰማው አውቶቡስ ነው። ከተማው ጋብ ሲል ደግሞ ከሩሽሚያ ሸለቆ በኩል አንድ ቀበሮ ይጀምራል። ሌላው ይቀበለዋል፤ ከዚያ ሸለቆው በሙሉ ይንጫጫል። የምኖረው ሃይፋ መሃል፣ ሀዳር ሃካርሜል ነው። ከደጃፌ ፀጉር ቤት፣ ከፀጉር ቤቱ ቀጥሎ የቅመማ ቅመም ሱቅ ነው ያለው። ታዲያ ቀበሮ እዚህ ምን ይሠራል? ይህችን ጥያቄ ስከተል ብዙ ነገር ተማርኩ፤ ለእናንተ ሳልነግራችሁ ማደር አልቻልኩም።

እጃችሁን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉና ጣቶቻችሁን ከፈት አድርጉ። ጣቶቹ ሰው የሰፈረባቸው የተራራው ክንዶች ናቸው። በጣቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ዕብራይስጡ ናሓል፣ አረብኛው ዋዲ የሚለው ሸለቆ ነው። ሃይፋ ከሞላ ጎደል እንዲህ ናት። ሸለቆዎቹ ገደላማ ስለሆኑ ሕንፃ ሠሪው ዘለላቸው፤ ሎቴም፣ ሲያሕ፣ ጊቦሪም ዱር ሆነው የቀሩት በዚህ ነው። ጊቦሪም ያልኩት የእኛው ሩሽሚያ ነው፤ ሀዳርን ከኔቬ ሻአናን የሚለየው፣ በድልድይ የምንሻገረው። መዳፉስ? መዳፉ የቀርሜሎስ ብሔራዊ ፓርክ ነው። እንስሳው ከዚያ ተነሥቶ ቁጥቋጦ ለቁጥቋጦ ወደ ከተማው ይወርዳል። ቀበሮው፣ ጃርቱ፣ የዱር አሳማው ጎረቤቶቻችን የሆኑት መንገድ ስለተተወላቸው ነው።

ቀርሜሎስን ታውቁታላችሁ፤ ነቢዩ ኤልያስ የነበረበት ተራራ ነው። ሀዳር ሃካርሜል የሚለው የሰፈራችን ስም ራሱ ከትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 35 የተወሰደ ነው፤ የቀርሜሎስ ግርማ እንደማለት ነው። ግርማው ግን ዝም ብሎ አልቆየም፤ ሰዎች ታግለው ያቆዩት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ራቅ ብሎ፣ ከሁላ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹንና ወሮቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) መንግሥት ሁላን አጠንፍፎ እርሻ ሊያደርገው ተነሣ። ዓሣው፣ ወፉ፣ ደንገሉ ሊጠፋ መሆኑን ያዩ ወጣቶች ተሰባስበው በ1953 የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርን መሠረቱ፤ አዛርያ አሎንና አሞጽ ዛሃቪ ከመሥራቾቹ ነበሩ። አብዛኛው ረግረግ ቢደርቅም ከሐይቁ አንድ ቁራሽ ተረፈች፤ በ1964 በአገሩ የመጀመሪያው የተፈጥሮ ክልል ሆና ታወጀች። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1963፣ እንዲህ ያሉ ቦታዎችን የሚጠብቀው ሕግ ወጥቶ ነበር።

ይህ ሕግ ሁለት ነገር ይለያል፤ ብዙ ሰው ስለሚቀላቅላቸው ላብራራላችሁ። ሽሙራት ቴቫ ማለት የተፈጥሮ ክልል ነው፤ ቀዳሚው ባለቤት ዛፉና አውሬው ነው፣ ሰው እንግዳ ነው። ጋን ለኡሚ ማለት ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ሰው እንዲገባበት፣ እንዲንሸራሸር፣ ልጆቹን ይዞ እንዲቀመጥበት ታስቦ የሚጠበቅ መሬት። ለረጅም ጊዜ ሁለት የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ያስተዳድሯቸው ነበር፤ በ1998 ወደ አንድ ባለሥልጣን ተጠቃለሉ። የቀርሜሎስ ፓርክ በ1971 ሲታወጅ ሁለቱንም ነው የያዘው፤ በፓርኩ ውስጥ ጠበቅ ያሉ ክልሎች አሉ። ስፋቱ ከ80 ሺህ ዱናም በላይ ነው። ዱናም ለማይገባችሁ በእኛ ልንገራችሁ፦ 200 ጋሻ መሬት ገደማ።

አሁን ወደምወደው ታሪክ ልግባ። ከሃይፋ ዩኒቨርሲቲ አለፍ ብሎ፣ እዚያው ተራራው ላይ፣ ሃይ ባር የሚባል የዱር እንስሳት ማራቢያ አለ። እዚያ ያሕሙር የሚባል የፋርስ አጋዘን አየሁ። ቆዳው ቀላ ያለ ቡኒ፣ ጀርባው ላይ ነጭ ጠቃጠቆ አለው፤ ስታዩት የፀሐይ ብርሃን በቅጠል መሃል የፈሰሰበት ይመስላችኋል። የወንዱ ቀንድ ጫፉ ላይ እንደ መዳፍ ሰፋ ይላል። ይህ እንስሳ በመጽሐፍ ቅዱስ ከንጉሥ ሰሎሞን ማዕድ ጋር ስሙ ይነሣል። ከዚህ ምድር ግን ታድኖ አለቀ፤ በ1940ዎቹ ከዓለም ጠፋ እስከመባል ደረሰ። በ1950ዎቹ ግን ኢራን ውስጥ፣ ኩዜስታን፣ በወንዝ ዳር ጫካ ጥቂቶች ተገኙ። የእስራኤል የተፈጥሮ ክልሎች ባለሥልጣን የመጀመሪያ ኃላፊ የነበሩት ጄኔራል አቭራሃም ዮፌ እነዚህን እንስሳት ለማምጣት ብዙ ደከሙ። በመጨረሻ በ1978 ታኅሣሥ፣ ቴህራን በአብዮት እየታመሰች፣ የሻሁ መንግሥት ሊወድቅ ሳምንታት ሲቀሩት፣ አራት እንስቶች በአውሮፕላን ተጭነው ወጡ። አራት ብቻ! እነሱና ከጀርመን የመጡ ዘመዶቻቸው ሃይ ባር ውስጥ ተዋለዱ። በ1996 በምዕራብ ገሊላ፣ ናሓል ክዚቭ በሚባለው ሸለቆ፣ የመጀመሪያዎቹ ወደ ዱር ተለቀቁ። በሩ ተከፍቶላቸው ወደ ጫካው የገቡባትን ቅጽበት ባየሁ ብዬ እመኛለሁ።

ጥበቃ እንዲህ የዘመናት ሥራ ነው። ለሰው በር መክፈቱ ግን ምን ይጠቅማል? ሰው ከገባ ያበላሽ የለም ወይ? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው አንድ ትንሽ ነገር ነው፦ ድንጋይ ላይ የተቀቡ ሦስት መስመሮች።

ባለፈው ክረምት አጎቴን ይዤ ሎቴም ወረድን። አጎቴ ሰሜን ተራራ ሥር ተወልደው፣ ፍየል ጠብቀው ያደጉ፣ በእግራቸው ሱዳን ደርሰው በዚያ በኩል ወደ እስራኤል የመጡ ሰው ናቸው። መጀመሪያ እምቢ አሉኝ። «ለመዝናናት በእግር መሄድ ምን የሚሉት ነው?» አሉ። አልተከራከርኳቸውም። ለብዙ ትልልቆቻችን በእግር መሄድ ማለት ሱዳን ማለት ነው፤ ጥም ማለት፣ መንገድ ላይ የቀረ ሰው ማለት ነው። የእኛ ሰው በዱር ጎዳና ላይ ብዙ የማይታየው ስንፍና ስላለበት እንዳይመስላችሁ።

ቢሆንም መጡልኝ። ከሀዳር፣ ሀነቪኢም ጣቢያ፣ ካርሜሊት ተሳፈርን። ካርሜሊት ከ1959 ጀምሮ የሚሠራ፣ በተራራው ሆድ ውስጥ በገመድ ተስቦ የሚወጣ ባቡር ነው፤ ወለሉ ራሱ እንደ ደረጃ የተሠራ ነው። የመጨረሻው ጣቢያ ጋን ሀኤም ላይ ወርደን፣ የአራዊት መጠበቂያውን አልፈን ቁልቁል ጀመርን። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ የመኪናው ድምፅ ጠፋ።

አንድ ድንጋይ ላይ ምልክቱን አሳየኋቸው፦ ከላይ ነጭ፣ ከመሃል ቀለም፣ ከታች ነጭ። የመሃሉ ሰማያዊ፣ ቀይ፣ ጥቁር ወይም አረንጓዴ ይሆናል፤ ቀለሙ አንዱን መንገድ ከሌላው ይለያል። መስመሩ ከታጠፈ መንገዱም ይታጠፋል ማለት ነው። ይህን ቀለም የሚቀባው፣ ሲደበዝዝም የሚያድሰው ያው በ1953 የተመሠረተው ማኅበር ነው። ከሰሜን ጫፍ ከኪቡትዝ ዳን እስከ ኤላት የሚዘልቀው የእስራኤል ጎዳናም በሦስት መስመር ነው የተሰመረው፤ በ1995 ተከፍቶ፣ ርዝመቱ ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ፣ ቀርሜሎስንም ያቋርጣል። ብልሃቱ ይህ ነው፦ ሰው የሚረግጠው መንገድ ከታወቀ የቀረው መሬት ያርፋል። አጥር የለም፣ ቲኬት ቆራጭ የለም፤ እግራችሁን የሚመራው ሦስት መስመር ነው። መንገዱን የረገጠ ሰው ደግሞ ነገ ቡልዶዘር ሲመጣ ዝም አይልም፤ በየሳምንቱ የሚያልፍበትን ዛፍ ያውቀዋልና። እኔ በር መክፈትን የምደግፈው ለዚህ ነው።

አጎቴ ምልክቱን አዩት፣ ወዲያው ግን ዓይናቸው ሌላ ነገር ላይ ሄደ። እጃቸውን ሰደው ጠባብ ቅጠል ቀንጠስ አደረጉ፣ በጣታቸው አሹት፣ አሸተቱት። «ይህማ ወይራ ነው» አሉ። ቆሙ። ስለ እናታቸው፣ በወይራ ጭስ ስለታጠነ የወተት ዕቃ፣ የወተቱ ጣዕም እንዴት እንደነበር ማውራት ጀመሩ፤ እስከዚያ ቀን ሰምቼው የማላውቀውን። ተሳስተዋልም አትበሉ፤ የቀርሜሎስ የዱር ወይራና የሐበሻው ወይራ የአንድ ዝርያ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። ወረድ ስንል ጦስኝ መሰሉን ዛታር አገኙና ሊነቅሉ ጎንበስ ሲሉ ያዝኳቸው። ዛታር ከ1977 ጀምሮ በሕግ የተጠበቀ ነው፣ ለገበያ ብሎ ሥሩን የሚነቅል ስለበዛበት። በዛታር ያደጉ የአረብ መንደሮች በዚህ እገዳ ለረጅም ዓመት ሲያዝኑ ኖረዋል፤ ቅሬታቸው ይገባኛል። አጎቴ ግን ዛታሩን አልፈው አፈሩ ላይ አቀረቀሩ፦ በማረሻ የተገለበጠ የሚመስል መሬት። የዱር አሳማ በአፍንጫው ሥር ሲፈልግ ያደረገው ነው። ሃይፋ ውስጥ አሳማው ከ2019 ወዲህ፣ ማዘጋጃ ቤቱ ግድያውን ካስቆመ በኋላ፣ በጎዳናው በብዛት ታየ። ስታገኙት አትሩጡ፣ አታብሉት፤ ቆሻሻችሁን ዝጉ። የሚመጣው ለቆሻሻውና ውሃ ለጠጣው አትክልት ነውና።

ስለ እሳቱ ሳልነግራችሁ ይህን ተራራ አሳየኋችሁ ማለት አልችልም። በታኅሣሥ 2 ቀን 2010፣ በሃኑካ በዓል፣ ቀርሜሎስ ተቃጠለ። 44 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹ እስረኞችን ሊያወጡ በአውቶቡስ ሲሄዱ እሳት የደረሰባቸው የማረሚያ ቤት አገልግሎት ሠልጣኞች ነበሩ። ወደ 25 ሺህ ዱናም ደን ነደደ። ከዚያ በኋላ ብዙ ሰው ችግኝ ይዞ ሊመጣ ፈለገ፤ ባለሙያዎቹ ግን ተራራው ራሱ ይነሣ አሉ። ልክ ነበሩ። አሎን የሚሉት ዛፍ ግንዱ ቢነድም ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ኦረን የሚሉት ጥድ መሰሉ ዛፍ ደግሞ ፍሬው በእሳት ሙቀት ይከፈትና ዘሩን ይበትናል፤ ቡቃያው እንደ ሣር ጥቅጥቅ ብሎ ስለሚበቅል የሰው ሥራ ማሳሳት ነው። በኅዳር 2016 ደግሞ እሳቱ ሃይፋ ውስጥ ገባ፤ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ። ለቀበሮው መንገድ የሆነው ሸለቆ ለእሳትም መንገድ ይሆናልና፣ ዛሬ ከቤቶች ጥግ ቁጥቋጦው ይመነጠራል።

እዚህ ላይ አጎቴን ያስገረማቸው ነገር አለ። በ1950 ፍየል ዛፍ ያጠፋል ተብሎ ግጦሹን የሚገድብ ሕግ ወጣ። ጥቁሩ ፍየል ከተራራው ሲርቅ ግን ቁጥቋጦው ሳይበላ ተከመረ፣ ደረቀ፣ ለእሳት ማገዶ ሆነ። በ2018 ክነሴቱ (ምክር ቤቱ) ሕጉን ሻረው፤ ዛሬ መንጋ እንደ እሳት መከላከያ ይታያል። አጎቴ ይህን ስነግራቸው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው «ፍየል ያለ ጠባቂ ያጠፋል፤ ከጠባቂ ጋር ያጸዳል» አሉኝ።

ከሳቸው ጋር ስለ ቀርሜሎስ ማውራት ስለ ሰሜን ተራሮች ማውራት ነው። ዋሊያና ጭላዳ ያሉበት የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 በአዋጅ ተቋቁሞ፣ በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። በ1996 ግን አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ፤ እርሻና ግጦሽ እያጠበበው ነበር። ከዝርዝሩ የወጣው በ2017 ነው። ከዚያ አንድ ዓመት በፊት በፓርኩ መሃል የነበረው የግጭ መንደር ሕዝብ ተነሥቶ ደባርቅ ሰፈረ። ዋሊያው ቦታ አገኘ፤ የግጭ ገበሬ ደግሞ የአባቱን ገብስ ማሳ ትቶ የከተማ ሰው ሆነ። እኔ ሁለቱንም እኩል ነው የማዝንላቸው። ቀርሜሎስም ላይ የዳሊያትና የኢስፊያ ድሩዞች በመሬታቸውና በፓርኩ ወሰን ጉዳይ ከመንግሥት ጋር ሲከራከሩ ኖረዋል። ለዚህ ነው የዩኔስኮ ባዮስፌር የሚባለው አሠራር ተስፋ የሚሰጠኝ፤ መሃሉን አጥብቆ ይጠብቅና፣ ዙሪያውን ለመጠነኛ ሥራ ፈቅዶ፣ ከዚያ ውጪ ያለውን ከነነዋሪው ያቅፋል። ቀርሜሎስ በ1996፣ ጣና ሐይቅ በ2015 በዚህ መንገድ ተመዝግበዋል። ወረቀቱ መሬት ላይ ምን ያህል ወርዷል የሚለው እንደየቦታው ነው፤ ሐሳቡ ግን ሰውን ከዱሩ ካርታ ላይ አይፍቅም።

በሉ እንግዲህ። በሚመጣው ዓርብ ጠዋት፣ በእኛ ሁለት ሰዓት፣ ሀነቪኢም ጣቢያ በር ላይ እጠብቃችኋለሁ። ለአንድ ሰው ሁለት ጠርሙስ ውሃ፣ የማያንሸራትት ጫማ፣ ለፀሐይ ኮፍያ ያዙ። ሻባት ሳይገባ እንመለሳለን። እናትና አባታችሁንም አምጡ፤ አጎቴ ከፊት እሄዳለሁ ብለዋል።