የሠራተኛ ማኅበርና የምርጫ ፖለቲካ፦ የዛምቢያ ልምድ



የሠራተኛ ማኅበር አባላት ወደ ምርጫ ፖለቲካ ሲገቡ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «መግባት ይገባቸዋል ወይስ አይገባቸውም?» የሚል ነው። እኔ ግን ዛሬ ሌላ ጥያቄ አነሣለሁ፦ የሚገባው ማን ነው? መሪው ነው ወይስ ማኅበሩ? ልዩነቱን የዛምቢያ ታሪክ በግልጽ ያሳየናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የፕሬዚዳንት ኬኔት ካውንዳ መንግሥት በ1971 ባወጣው ሕግ በአንድ የሥራ ዘርፍ አንድ ማኅበር ብቻ እንዲኖር ደነገገ። በቀጣዩ ዓመት ማብቂያ አገሪቱ በአንድ ፓርቲ የምትመራ ሆነች። የሕጉ ዓላማ ሠራተኛውን በቁጥጥር ሥር ማዋል ቢሆንም ውጤቱ ተገላቢጦሽ ነበር። መዋጮ ከደመወዝ እየተቆረጠ ይገባላቸው ስለነበር፣ ማኅበራቱ የራሳቸው ገንዘብ፣ በየማዕድን ከተማው ቅርንጫፍ፣ በአባላት የተመረጠ አመራርም ነበራቸው። ተቃዋሚ ፓርቲ በታገደበት አገር፣ ከአብያተ ክርስቲያናት በቀር፣ እንዲህ ያለ አደረጃጀት የነበረው ሌላ አካል ማግኘት አዳጋች ነበር።

የሠራተኛ ማኅበራት ኮንግረስ ሊቀ መንበር የነበረው ፍሬድሪክ ቺሉባ በ1981 ከባልደረቦቹ ጋር ታስሮ በፍርድ ቤት ውሳኔ ተፈታ። በሰኔ 1990 የበቆሎ ዱቄት ዋጋ ሲጨምር በከተሞች ሁከት ተቀሰቀሰ፤ በወሩም የመድብለ ፓርቲ ዲሞክራሲ ንቅናቄ ተመሠረተ። ጥቅምት 31 ቀን 1991 በተካሄደው ምርጫ ቺሉባ ከመራጩ ድምፅ ሦስት አራተኛውን ያህል አገኘ፤ ንቅናቄው ከ150 የምክር ቤት መቀመጫዎች 125ቱን አሸነፈ። ካውንዳም ሽንፈቱን ተቀብሎ ሥልጣን አስረከበ።

ይህ ድል የሠራተኛው ድል ነበር ወይ? ንቅናቄው ሠራተኛውን ብቻ ሳይሆን ነጋዴውን፣ ምሁሩንና ከቀድሞው ገዥ ፓርቲ የወጡ ፖለቲከኞችንም ያሰባሰበ ነበር። ማኅበራቱ ቅርንጫፎቻቸውንና ተሰሚነታቸውን ሰጡ እንጂ በድርጅትነታቸው የፓርቲው አባል አልሆኑም። በብሪታንያ የሆነው ከዚህ ይለያል። በ1900 የኋላው የሌበር ፓርቲ መነሻ የሆነው ኮሚቴ ሲቋቋም ማኅበራቱ በማኅበርነታቸው ገብተው በጉባኤው ድምፅ ነበራቸው፤ መሪ ቢለዋወጥም ድምፁ የማኅበሩ ነበር። በዛምቢያ ግን ቺሉባ ቤተ መንግሥት ሲገባ ማኅበሩ ከበር ውጭ ቀረ።

የተከተለው የሚጠበቅ ነበር። አዲሱ መንግሥት ድጎማውን አነሣ፤ የመንግሥት ድርጅቶችንም ወደ ግል ይዞታ ማዛወር ጀመረ። የዛምቢያ አየር መንገድ በ1994 ተዘጋ። እዚህ ላይ አንድ ሰንሰለት ልብ በሉ፦ የማኅበር አባልነት በመደበኛ ቅጥር ላይ የተመሠረተ ነው፤ ሠራተኛው ሥራውን ሲያጣ ማኅበሩም አባሉን፣ ከአባሉም ጋር መዋጮውን ያጣል። በራሱ መሪ መንግሥት ላይ አድማ መጥራትም ለማኅበር ቀላል አይደለም። በዚያው ዓመት የማዕድን ሠራተኞችን ማኅበር ጨምሮ የተወሰኑ ማኅበራት ከኮንግረሱ ወጡ።

ቺሉባ በ2001 ሕገ መንግሥቱ የማይፈቅድለትን ሦስተኛ የሥልጣን ዘመን ሊሻ ሲል፣ ተቃውሞውን ያስተባበረውን መድረክ የመሠረቱት የሕግ ባለሙያዎች፣ የአብያተ ክርስቲያናት ኅብረቶችና የሴቶች ድርጅቶች ነበሩ። ከአሥር ዓመት በፊት አንድን ሥርዓት ያስወገደው የሠራተኛ ማኅበር ከመሥራቾቹ መካከል አልነበረም።

ከዚህ ታሪክ «ማኅበር ከፖለቲካ ይራቅ» የሚል ድምዳሜ ማውጣት ስሕተት ነው። ያለ ማኅበራቱ የ1991ዱን ለውጥ ማሰብ ይከብዳል። ትምህርቱ ሌላ ነው፦ ማኅበር ለፓርቲ ድጋፉን ሲሰጥ በምን ቅድመ ሁኔታ እንደሚሰጥ አስቀድሞ በአባላቱ ድምፅ ይወስን፤ ቃሉ ሲታጠፍም ድጋፉን መልሶ የሚወስድበትን መንገድ ያዘጋጅ። መሪን ለሥልጣን ማብቃት አንድ ነገር ነው፤ ሥልጣን ላይ የወጣን መሪ መጠየቅ ግን ሌላ ነው፤ ለዚህም ራሱን የቻለ ማኅበር ያስፈልጋል።