የነፍሰ ጡር ደምና የፕሌትሌት ቁጥር

ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በተቀመጠችው በወለጋዋ ነቀምቴ ከተማ፣ ለቅድመ ወሊድ ክትትል ከአርጆ፣ ከሲሬ ወይም ከደዴሳ ሸለቆ የመጣች ነፍሰ ጡር ክንዷን ስትዘረጋ፣ የላቦራቶሪው ባለሙያ ክዳኑ ሐምራዊ በሆነ ብልቃጥ ደሟን ቀድቶ፣ በቀስታ ገለባብጦ ለመሣሪያው ከሰጠ በኋላ፣ ከሚወጣው ወረቀት ላይ ስለ ሄሞግሎቢን የሚናገረውን መሥመር ሁሉም ይጠይቃል፤ ዝቅ ብሎ የተጻፈውን የፕሌትሌት ቁጥር ግን ካልጎደለ በቀር የሚያነሣው የለም። የጎደለ እንደ ሆነም የሐኪሙ ማብራሪያ ሳይሰማ «ደሟ አይረጋም» የሚለው ወሬ ቀድሞ ቤተ ዘመድ ዘንድ ይደርሳል።

ፕሌትሌት፣ ሐኪሞቻችን ደም አርጊ ሕዋስ የሚሉት፣ በአጥንት መቅኔ ውስጥ ካሉ ግዙፍ ሕዋሳት እየተቆረሰ የሚወጣ፣ ዕድሜው ከ7 እስከ 10 ቀን ብቻ የሆነ ደቂቅ ፍጥረት ነው፤ የደም ሥር በተቀደደ ጊዜ ከሁሉ ቀድሞ ደርሶ፣ እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀዳዳውን ይደፍናል። ይህን ተግባሩን ኢጣልያዊው ሊቅ ጁሊዮ ቢዞዜሮ እ.ኤ.አ. በ1882 ገልጦ ጽፎአል። በጤነኛ ሰው አንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛል።

ሴት በፀነሰች ጊዜ ፅንሱን የሚመግበው ደም መብዛት ስላለበት የደሟ ፈሳሽ እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ወጥ ላይ ውኃ ሲጨመር ቅመሙ እንደሚሳሳ፣ ፕሌትሌቱም ይሳሳል፤ ከዚህም ሌላ ጥቂቱ በእንግዴ ልጁ ውስጥ ያልቃል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ እርግዝናቸው ያለ እክል ካለፈ ሴቶች መካከል በወሊድ ጊዜ ከ150,000 በታች የወረደባቸው ከመቶ 10 ያህል ሲሆኑ፣ ከ100,000 በታች የወረደባቸው ግን ከመቶ አንድ ብቻ ናቸው። እንዲህ ያለው ጉድለት ሕፃኑን አይጎዳም፤ ከወሊድ በኋላም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። አንዳንዴ እንዲያውም ጉድለቱ ከሴቲቱ ሳይሆን ከብልቃጡ ነው፤ በውስጡ ያለው ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ መድኃኒት በጥቂት ሰዎች ደም ላይ ፕሌትሌቱን ያጓጉለዋል፣ መሣሪያውም የተጓጎለውን አይቆጥርም፤ አስተዋይ ባለሙያ ግን ደሙን በመስተዋት ላይ አቅልሞ በማይክሮስኮፕ ሲመለከት ነገሩን ይደርስበታል።

እንግዲህ ብቻውን የቆመ ቁጥር አይፈረድበትም፤ የሚፈረድበት ከጓደኞቹ ጋር ሲመጣ ነው። በወለጋ የመጀመሪያው ጓደኛ ትኩሳት ነው። የደዴሳና የአንገር ቆላዎች የወባ አገር ናቸው፤ ወባም ጣፊያን ያሳብጣል፣ ፕሌትሌትን ይፈጃል፣ በእንግዴ ልጁም ውስጥ ስለሚሸሸግ ከሌላው ሰው ይልቅ ነፍሰ ጡርን ያጠቃል። ስለዚህ ትኩሳት የያዛት ነፍሰ ጡር ነገ ሳትል በዚያው ቀን ለወባ ትመርመር።

ሁለተኛውና ይበልጥ የሚያስፈራው ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የሚነሣው የእርግዝና የደም ግፊት ነው። ልኩ 140/90 ሲደርስ፣ ራስ ሲፈልጥ፣ ዓይን ሲጨልም፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት በታች ሲያም፣ ከዚያም ጋር ፕሌትሌት ከ100,000 በታች ሲወርድ፣ ጉበትም ደምም እየተጎዱ ናቸውና አንዲት ሰዓት እንኳ አትባክንም። የዚህ ሕማም ፍጹም ፈውሱ መውለድ ነው፤ እስከዚያው ማግኒዥየም ሰልፌት የሚጥለውን መንቀጥቀጥ ይከላከላል። መንቀጥቀጡን የልክፍት ሥራ ነው ብለው ወደ ጸበል የሚወስዱ ወገኖች አሉ፤ ጸበሉን ማንም አይነቅፍም፣ ነገር ግን ሆስፒታሉ ይቅደም።

ሰውነት የገዛ ፕሌትሌቱን የሚያጠፋበት ሌላ ሕማምም አለ፤ ይህ ግን ብርቅ ነው፣ ምልክቱም ብዙ ጊዜ ከእርግዝና በፊት የነበረ ነስርና የድድ መድማት ነው።

የጎደለውን በልገሳ ለመተካት ማሰብ በወለጋ ቀላል አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስ በማቀዝቀዣ ከአንድ ወር በላይ ሲቆይ፣ ፕሌትሌት ግን ከ20 እስከ 24 ዲግሪ በሆነ ሙቀት ያለማቋረጥ እየተነቀነቀ ካልተቀመጠ ይበላሻል፤ ተጠብቆም ከ5 ቀን እምብዛም አያልፍም። ነቀምቴ የደም ባንክ ቢኖራትም፣ ከደምቢ ዶሎ ወይም ከቤጊ ምጥ ይዟት ለምትነሣ ሴት መንገዱ ከደሟ ይልቅ ይረዝማል። ስለዚህ ቁጥሯ ከ50,000 በታች የወረደ ሴት ምጥ ሳይጀምራት ቀደም ብላ ቀዶ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ተልካ በእናቶች ማቆያ ልትሰነብት ይገባል።

ነፍሰ ጡሮች ሆይ፣ ለራስ ምታት ብላችሁ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከመድኃኒት ቤት በራሳችሁ አትግዙ፤ ፕሌትሌትን ያደክማሉና። የምርመራውንም ወረቀት ቀኑ እንደ ተጻፈበት ከክትትል ካርዱ ጋር አያይዛችሁ ያዙ፤ በሦስተኛው ወር 240,000 የነበረ ቁጥር በስምንተኛው 110,000 መሆኑን አዋላጇ የምታውቀው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ስታይ ብቻ ነው።